ሁለት ፊደል

ስፒሪዶን መጡ፣ ክሪቫጽ ነፋሱ ከኋላ ሲነዳቸው፣
አሮጌ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከነአቧራው ታቅፈው።
«ዊንዶውሱ ሞተብኝ፤ ሊኑክስ ጫኚልኝ» አሉ፣ ሳል እያቋረጣቸው።

አርባ ዓመት በብራይላ ወደብ፣ ዳኑብ ዳር፣ ስንዴ ሲመዝኑ፣
ጀልባ ስንት ኩንታል እንደጫነ ከውሃው ልክ አይተው ሲወስኑ፣
የራሳቸው ኮምፒውተር ስንት ቢት እንደሆነ ግን አያውቁም፤
«ግራጫ ነው» አሉኝ። ሌላ የሚሉት የላቸውም።

ሳይጠይቁ መጫን የኔ ወግ አይደለም።
ለሠላሳ ሁለት ቢት ትከሻ የስልሳ አራት ሸክም
ቢያቀርቡለት፣ ጥቁር ስክሪን ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

ተለጣፊው? ግማሹን ዕድሜ ልጦታል፤ ግማሹን ሟች ሚስታቸው
ዞይትሳ፣ ለፋሲካ ስትወለውል፣ በብረት ሽቦ ፍቃው፤
የተረፈው «ዩም» ብቻ፤ ጅራት ነው፣ ራስ የሌለው።

በፍላሽ አስነሳሁት። አጓራ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተን።
«ማነህ?» ብዬ ጻፍኩ። «ሠላሳ ሁለት» አለ፣ ሳያቅማማ፣ ወዲያውን።
ስፒሪዶን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮፍያቸውን አነሱ፤ ሊሄዱ።

ቆይ ግን። የመለሰው እሱ መች ሆነና፤
በፍላሽ ያዋስኩት ምላስ ነው፤ ጠባብ ነውና
የራሱን ልክ ነገረኝ፤ የባለቤቱን አይደለም ገና።

ፕሮሰሰሩን ራሱን ጠየቅሁ። እንደ ዳዊት ደጋሚ
የሚችለውን ሁሉ አወረደው፣ ያለ ፋታ፣ ያለ ሰሚ።
በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ፣ እንክርዳድ ከስንዴ እንደሚለይ፣ ወረድሁ፣
ወረድሁ፣
አለፍኩትና ደግሞ ወደ ላይ ተመለስሁ።

«ኤል ኤም።»
ሁለት ፊደል። መሀል ላይ። ገበያ መካከል እንደቆመ ዝምተኛ።

ስልሳ አራት ነው! ከፋብሪካ ሲወጣም ያው ነበር፤
አሥራ ስድስት ዓመት በግማሽ ሳንባ ተነፈሰ እንጂ፣ ጠያቂ አጥቶ ሲኖር።

«ታዲያ» አሉ መዛኙ፣ «ክብደቱ ይጨምራል?»
«የለም» አልኩ፤ «ራሙ ግን አንድ ጊጋ ነው፤ በሠላሳ ሁለቱ ይፈጥናል፤
በስልሳ አራቱ ያዘግማል።»
ቁልፋቸውን ፈትተው ካፖርቱን ወንበር ላይ ሰቀሉ፤
«ያዝግም። እኔስ ምን አስቸኮለኝ? በሙሉ ስሙ ጥሪው» አሉ።

ነፋሱ በሩን ይገፋል። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ይድሃል።
ቁጥሩን በእጄ እንደሸፈንኩት አላወቅሁም ነበር።
«ሠላሳ አንድ» አሉ ስፒሪዶን፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣
የጀልባ ሆድ ከውሃው ጋር እንደሚያስተያዩ ሁሉ።
እጄን አነሳሁ።
ሠላሳ አንድ።