ከየኩባያው አንድ ፍሬ

ማንጎ ከዛፍ ወድቆ
ጣራችንን መታ፤
ውሻው በረገገ፣
ባሌ ገዴ ዊርታ ዘሎ ወጣ ከመኝታ።
ልጄ ራትኒ ግን ጡጫዋን ጨብጣ፣
አፏን ከፈት አርጋ፣ ወተት በከንፈሯ፣
አልተንቀሳቀሰም አንዲት ዘለላ ፀጉሯ።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ስለዚህ አላወራንም።
በአራተኛው ቀን አጎቴ መጣ፣
ንዮማን ሱንጋር፣ የመንደሩን ቧንቧ የሚጠብቅ፣
ከተወለደ ጀምሮ ድምፅ የማያውቅ፣
ውሃ የት እንደሚያፈስ
ብረቱን በመዳፉ ዳስሶ የሚጠይቅ።
ከፊቷ ቁጢጥ አለ፣
ጣቶቹን አበረረ።
ዓይኗ ተከተለው፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ።
ያኔ ፈገግ ብሎ በእጁ እንዲህ አለኝ፦
«ይህችማ የኛ ናት።»

በባሊ ሰሜን፣ በኛ ኮረብታ ሥር፣
እንዲህ ያለውን ሰው «ኮሎክ» እንለዋለን፤
ሰሚውም፣ ኮሎኩም፣ ሻጩም፣ ቀባሪውም
በእጅ እናወራለን።
አማቴ ግን ከታችኛው መንደር ናት፦
«በኛ ዘር አልታየም!
ሰባት ቤት ቢቆጠር አንድም ኮሎክ የለም!»
ይህን ስትናገር
ራትኒን ታቅፋለች፤
የራትኒ ጆሮ፣ ጫፉ ታጠፍ ያለው፣
ቁርጥ የእሷን ነው።
ገዴ ዝም አለ።
ዝምታው ጣት ሆኖ ወደ እኔ ዞረብኝ፤
እኔም ጥፋት ፍለጋ
ደሜን በረበርሁት እንደ ሌባ ሻንጣ።

ደማችንን ቀድቶ የሄደው ሐኪም፣
ዶክተር ሃርታዋን፣
ዝናቡ ሲያባራ ከዴንፓሳር ተመለሰ።
ወረቀት አላወጣም።
«ሁለት ኩባያ» አለ፣ «አደንጓሬም ካለ።»
በእኔ ኩባያ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣
በገዴም ኩባያ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ጣለ።
«ጥቁሩ የሚሰማው ነው፤ ነጩ ዝም የሚለው።
አንድ ጥቁር ካለ ጆሮ ይከፈታል፣
ነጩ ከጀርባው ተሸሽጎ ያድራል፤
አይሞትም፣ አይፈዝም፣
ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይታይ ይጓዛል።
ልጅ ሲፀነስ እንግዲህ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣
ከየኩባያው አንድ ፍሬ ይነሣል።»

አማቴ ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች፦
ጥቁር ከጥቁር።
መለሰች። ጥቁር ከነጭ።
መለሰች። ነጭ ከጥቁር፤ ደግሞም ነጭ ከጥቁር።
«አያችሁ!» አለች።
በአምስተኛው
ሁለት ነጭ ፍሬ መዳፏ ላይ ቁጭ አለ።
ብዙ አየችው።
ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት
የልጇን ኩባያ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፦
«ይህኛው ነጭ... ከኔ ነው፣ ወይስ ከሟቹ?»
«ደምሽን ካልሰጠሽኝ አላውቅም» አላት።
እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሳበች።

ሱንጋር ጥግ ተቀምጦ በዓይኑ ሲያዳምጥ ነበር።
ፍሬዎቹን አነሣ፣
አሸተተ፣
አንዱን ቆረጠመ፣ ተፋው።
ከዚያ በእጁ ጠየቀ፣ እኔ ተረጎምሁ፦
«ባሕር የምንልበት ይህ የእጅ ማዕበል፣
ጨረቃ፣ ሞኝ፣ ነገ የምንልበት ሁሉ
በየትኛው ፍሬ ነው ያለው?»
ሐኪሙ ወደ ኩባያዎቹ አጎነበሰ።
«እዚህ ውስጥ የለም» አለ።
አጎቴ ሣቀ፤
ራሱ ሰምቶት በማያውቀው ሣቅ፦
«እንግዲያው እሱን እኔ አወርሳታለሁ።»

ዛሬ ራትኒ አራት ዓመቷ ነው።
ታናሿ ሱዳና ይሰማል፤
ማንጎ ሲወድቅ ይደነግጥና
ሮጦ በእጁ ይነግራታል፦
ወደቀ፣ ትልቅ፣ ቢጫ!
በሐኪሙ ስሌት
ከሦስት ሁለት እጁ ነጩን ሳይዝ አይቀርም።
አላስመረመርሁትም።
አንዳንድ ሌሊት ሲተኛ አየዋለሁ፣
ኩባያውን ከውጭ እንደሚያይ ሰው።

ማለዳ ሱንጋር ከቧንቧው ዳር ያቆማታል፤
መዳፏን ይዞ በብረቱ ላይ ያሳርፋል።
ከኮረብታው ሆድ፣ ማንም ካላየው ምንጭ፣
ውሃው ይወርዳል።
ራትኒ ቀና ብላ ታየኛለች፤
ባልያዘችበት እጇ፦
«እማ፣ እየመጣ ነው።»