ማስነሻ

ጣውላ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ለሰባት ወር ደሞዝ
ለአባቴ ለሳቫቲ የሰጡት፣ አንድ አሮጌ የሞተር መጋዝ።
የፒኔጋን ወንዝ ዳር ይዞ፣ እንደ ሕፃን አዝሎ፣
ቤት አስገባት፤ ብረቷ ብቻ አሥራ ሁለት ኪሎ።
ስሟ ድሩዥባ ነው፤ ወዳጅነት ማለት።
እናቴ አየቻትና፣ "ደሞዝህን በወዳጅነት
ከፈሉህ?" አለችው።
እሱ ግን አልሳቀም፤
በመጋዝ ቀልድ አያውቅም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ውርጩ በር ሲመታ፣
መጋዟን ሳል ያዛት፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያ ዝምታ።
ከተማ ሱቅ ሄደ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር፤
ዚኖቪያ ባለሱቋ ካርቡራተሩን በጣት ጫፍ ስታዞር
ስታዞር ቆየችና፣ "ሠሪው እንኳ ዛሬ አልጋ ነው የሚሸጠው፤
አንተ ሙዚየም ጠይቅ" ብላ መለሰችው።

ተመለሰ፣ እጁ ባዶ፣ ጭንቅላቱ ግን ሞልቶ፤
ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ
ፈታት።

እኔ ባትሪ ያዥ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ።
"ብርሃኑን አታንከራትቺው!" ይላል አባቴ
ብሎን በጥርሱ ነክሶ።
ጓርኒሲዮኑን ቆረጠው ከደብተሬ ጀርባ፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ከነመልሱ መጋዟ ሆድ ገባ።
(አስተማሪዬ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?)
ካርቡራተሩ ውስጥ ለሚተነፍሰው ስስ ቆዳ
የእናቴ ጓንት መዳፉን ሰጠ፤ የግራው፤ እስከ ዛሬ ያልተከፈለ ዕዳ።
መጀመሪያ ግን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎት አደረ፤
ሲነጋ አልሟሟም፤ እንደነበር ነበረ።
"ይሄስ ሰው ነው" አለ።
ካንዴላውን በእሳት ጠብሶ በሽቦ ፋቀው።
ፋሻው ግን ስባሪ ነው፤ ማን ዘንድ ይጠይቀው?
ከአሮጌ ቱቦ ቀለበት ቆርጦ፣ ሦስት ሌሊት በሞረድ
ሲስል፣ ሲለካ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሳ፣ ብናኙ ሾርባችን ላይ ሲወርድ፣
እናቴ ዝም አለች።
ዝም ያለችው የማገዶውን ክምር አይታ ነው፤
ለአንድ ወር አይበቃም የቀረው።

ሁሉ ሞላ። ማስነሻው ጎደለ።

የዚች መጋዝ ማስነሻ ከአካሏ አይጣበቅም፤
ገጥመህ ትስባለህ፤ ከተነሳች ነቅለህ ታኖረዋለህ፣ ሞተሯ አይጠይቅም።
ጫካ ሳሉ ለሁለት መጋዝ አንዱ ይበቃ ነበር፤
ያ አንዱ ሐርላምፒ ቤት ነው፣ ምስማር ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከበሩ ሥር።
አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ የጫካ ጎጆ ያደሩ፣
የአንዱን ማንኮራፋት አንዱ ለምዶ የኖሩ፣
በአንድ ክምር ድርቆሽ ሰላምታቸው ታሰረ፤
ይኸው ዘጠነኛ ዓመቱን ቆጠረ።

"ሂድና ጠይቀው።"
"ብርድ ይግደለኝ!"
"አንተን ብቻ መች ይገድላል?"
አባቴ መልስ የለውም፤ ሻካራ ገመድ ይጠመጥማል።
ይስባል። ትስላለች። ይስባል። መዳፉ ይላጣል።
ሦስት ቀን ሙሉ መንደሩ ይሰማል።

በአራተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ሐርላምፒ።
በዱቄት ከረጢት የጠቀለለውን ብብቱ ሸጉጦ፣
ከጫማው በረዶ ሳያራግፍ፣ ዓይኑ ከአባቴ ዓይን አምልጦ፣
"ጓርኒሲዮንህ ያፈሳል" አለ። "እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።"
"አያፈስም።"
"ያፈሳል።"
"አያፈስም።"
"ያፈሳል።"
ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ወሬያቸው ይኸው ነው።
(ያፈስ ነበር። ሩብ ዙር ብሎን ነው ያቃናው።)

ገጠመ። አንዴ ሳበ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤
ወጥ ቤቱ በሰማያዊ ጭስ ተዋጠ፤
"ውጭ! ውጭ!" ትላለች እናቴ፣ በአንድ ጓንቷ እያራገበች።
ሐርላምፒ ማስነሻውን ነቅሎ፣ ከረጢቱ ውስጥ መልሶ፣
"ስትጠፋ ጥሩኝ" ብሎ ወጣ፣ ቆቡን እስከ ጆሮው ለብሶ።

በዚያ የብርድ ወራት አባቴ አንድ ግንድ ሳይጨርስ
ሞተሩን ያጠፋል፤ "ቤንዚን ልጨምር"፤ "ሰንሰለቱን ልሞርድ"፤
"እስቲ ትንሽ ትተንፍስ።"
ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ይዞርና፣
ሁለት ጣቱን አፉ ከትቶ
ያፏጫል።