የሳይቱ ካርታ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር፣
ወያላው "መጨረሻ!" ብሎ፣ ሚኒባሱ አፉን ሲያዞር፣
እዚያ ነው ሳይታችን።

ሁለት መቶ ዐሥር ቁጥር ከሰባት ጎን ቆሟል፤
ሰማንያ ሦስትን የት እንደጣሉት አንድዬ ያውቃል።
ቁጥሩ የቦታ አይደለም፣ የውል ተራ ነው አሉ፤
ቀድሞ የፈረመው አንድ ተባለና ሌሎቹ ቀጠሉ።

ፎቁ ሁሉ መንታ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፤
እኔም በገባሁ ሰሞን፣ የሰው በር በቁልፌ ስታገል ደርሰው
ሌባ ብለውኛል በሌሊት።
ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ሠርግ ቤት አልቅሷል፤
የሠርጉም ሽማግሌ ድንኳን ተሳስቶ ንፍሮ ቀምሶ ሄዷል።

በዚህ ሁሉ ስቀናል።
ያልሳቅንባት ሌሊት የባንቻየሁ ምጥ ናት።
አምቡላንሱ መጣ፤ መብራቱ ሲሽከረከር አየነው ከመስኮት፣
እየዞረ፣ እየዞረ፣ ከእኛ እየራቀ፣
ሁለት መቶ ዐሥርን ከሁለት መቶ ዘጠኝ ቀጥሎ እየጠበቀ።
ልጁ ደረጃው ላይ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሀል፣
በስልክ መብራት ተወለደ። ደኅና ነው፤ ዛሬ ብስክሌት ይነዳል።

ሃያ ስምንት ዓመት ንድፍ ክፍል ተቀምጬ
መንገድ ስያለሁ፣ ለማላውቀው አገር፤
በማግሥቱ ቆርቆሮ ለመንኩ፣ የበር ቀለም ትራፊ፣
የራሴን ልጀምር።
የመጀመሪያው አላማረም። ማለቴ፣ እጅግ አምሮ ነበር፦
ኮንቱሩ፣ ስኬሉ፣ የቦዩ ቁልቁለት፣ አንዲት ነገር ሳይቀር።
ሰዉ ቆሞ አደነቀ፤
አደነቀና ዞሮ፣ "ብሎክ ዘጠኝ የት ነው?" ብሎ
ጥበቃውን ጠየቀ።

ደግሞ ወሬ በረረ፤ "ካርታ ወጣ" ተባለ።
የባንክ ደረሰኙን፣ መታወቂያውን ይዞ ሳይቱ ግልብጥ አለ።
"የቤታችን አይደል?" "የመንገዱ ነው" ብዬ
የሰደበኝ ሰደበኝ። አልፈረድኩም፤
የእኔንም እጠብቃለሁ፣ ስድስት ዓመት ችዬ።

ወይዘሮ አጸደ፣ ከፈረሰው ሰፈር ከአራት ኪሎ የመጡት፣
መነጽር አውልቀው፣ መነጽር አጥልቀው፣ ቆርቆሮውን ቃኙት።
"ሁሉም አለ፣ ልጄ።
እኔ የታለሁ?"

ሁለተኛውን ቆርቆሮ ከዚያ ጥያቄ ጀመርኩ፤
በሩ ሥር ቀይ ነጥብ፣ "እርስዎ እዚህ ነዎት" የሚል፣
ሌላውን ከርሷ ቀጠልኩ።
ኮንቱሩን ጣልኩት። ፊደሉን አወፈርኩ።
ሰው አፉ ላይ ባለው እንጂ በውሉ ስም አልጻፍኩ፦
ቦቴ መቆሚያ። የሽንኩርት ጉልት። የሮማን ፋርማሲ።
ውሻ ያለበት አቋራጭ።
ኮሚቴው "ስማችን ከላይ ይግባ" አለ፤
ሥጋ ቤቱ ሱቁ እንዲገዝፍ ሁለት ኪሎ ላከ።
ሱቁን አላገዘፍኩም።
ሥጋውን ግን በላሁ።

ጉደታ፣ የበሩ ጥበቃ፣ ቁጥር አያምንም፤ ሰውን ግን ያደርሳል።
"ዘጠኝ? ጉድጓዳችን ነበር። ሃያ አንድ? ባቄላ።
ፋርማሲው የአባቴ በረት ነው" ይላል።
ሰማንያ ሦስትን ያገኘልኝም እሱ ነበረ፤
"እሱማ አውድማችን ነው" አለ፤
ብሩሼን አጠበ፣ ሌላ አልጨመረ።
ጻፍልኝ አላለም፣ አልጠየቀም ጭራሽ፤
ከሕንፃው ጥግ፣ ስም የሌላት ክብ አኖርኩ፣ በቀጭኑ ብሩሽ።
"ምንድን ናት?" ለሚለኝ፣ "ቀለም ተንጠባጥቦ ነው" እላለሁ።

በየወሩ ወርጄ ካርታውን አድሳለሁ፤
የታጠረ መንገድ እሰርዛለሁ፣ አዲስ ጉልት እጨምራለሁ።
ከሁሉ ቀድሞ ግን ቀዩ ነጥብ ነው የሚለቅ፤
ማንም ጣቱን ሳያሳርፍበት ወደ ውስጥ አይዘልቅ።

ባለፈው እሑድ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቀለም ይዤ ስወርድ
ክቧም ደብዝዛለች፣ መሀሏ ብቻ፤
ዝናብ እንዲያ አይልስም።
ቀባኋት መልሼ። ማን እንደሚነካት አልጠየቅሁም።