የጉሮሮ ፊደል

ከወደቡ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
በርገን እንደ ልማዷ ዝናቧን ስትቀዳ፣
ለሦስተኛ ቀጠሮ ተቀመጥን ባንዲት ጠባብ ጓዳ፤
ሶልቫይ፣ የንግግር ሐኪሟ፣ አንደበት የምታቃና፣
እናቱ ዘቢደር፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ገና፣
እኔ አስተርጓሚው፣ በሰዓት የምከፈል፣
ቃለአብም ከጠረጴዛው ሥር፤
አራት ዓመት ከመንፈቅ፣ አንድም ቃል የማይል።

ሥራዬ ደንብ አለው፣ ፈርሜበታለሁ፤
የተባለውን ብቻ እላለሁ፤
አልጨምርም፣ አልቀንስም፣
ከሁለቱ ወገን ለማንም አላግዝም።
በዚሁ ደንብ ኖሬያለሁ ሰባት ዓመት፣
በማዋለጃ፣ በግብር ቢሮ፣ በፍርድ ቤት።
ዝም ላለ ልጅ ግን ምን ብዬ ልተርጉምለት?

ሐኪሟ ትጠይቃለች፦ «ቤት ውስጥ ማን ያጫውተዋል?»
እናቱ፦ «ማን አለና? አባቱ መርከብ ላይ ነው፣ በወር አንዴ ይደውላል።
እኔም የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ውዬ ስገባ፣ ዓይኔ ይከደናል።»
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ እንዲመስል፦
«ሰዉ ‹ይደርሳል፣ ዝምታ ወርቅ ነው› ይለኛል።
ወርቁን ምን ላድርገው? ማን ይገዛኛል?»
ይህንንም ተረጎምኩ።
ለካ በእነሱም ሀገር ዝምታ ወርቅ ይባላል።

ሥዕሎች ተደረደሩ፦ ጀልባ፣ ድመት፣ ጃንጥላ፣ መቀስ።
ሶልቫይ ወለሉ ላይ ዳኸች፣ ጠረጴዛው ሥር እስክትደርስ።
ጠበቀች።
(መጠበቁ ራሱ ሥራዋ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።)
መስኮቱን ዝናብ ሲያንኳኳ፣
ልጁ እጁን ሰደደ፣ መቀሱን ነካ፣
ከጉሮሮው ግርጌ አንድ ነገር ፈነዳ፦
«ቀ።»

ሶልቫይ ብዕሯን አነሣች፤ ፊቷ ላይ ሥጋት አጠላ።
«ምን አነቀው? ሕመም ይሆን ወይስ ሌላ?»
ቅጹ ላይ «መታነቅ?» ብላ ጻፈች፣
ከሥሩም በቀይ አሰመረች።

እዚህ ላይ ነው ደንቤን የሰበርኩት።
«ሕመም አይደለም፣ ፊደል ነው» አልኳት።
«እኛ ዘንድ ቀ አለ፣ ጠ አለ፣ ጨ አለ፤
እንደ ቡሽ ነው፣ ከጠርሙስ አፍ ድንገት የተነቀለ።
መቀስ ማለቱ ነው። የገዛ ስሙም የሚጀምር በዚሁ ነው፤
ካሌብ ስትዪው፣ ሌላ ልጅ ነው የምትጠሪው።»

ዘቢደር ያኔ ካፖርቷን አወለቀች።

ሶልቫይ የጻፈችውን ሰረዘች።
«እስኪ እኔም ልሞክር» አለች።
«ከ» አለች። ልጁ ራሱን ነቀነቀ።
«ኸ» አለች። አሁንም ነቀነቀ።
ሦስተኛው ላይ ትን አላት፤ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አፈለቀ።
ይኼኔ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ፣ ጠጋ አለ፣
ትንሽ መዳፉን ጉሮሮዋ ላይ አጣበቀ፣
ባለፈው ሳምንት እሷ በእሱ እንዳደረገችው፤
«ቀ» አላት፣ ዝግ ብሎ፤ «ቀ»፤
እስክትመልስለትም፣ ሳይቸኩል፣ ጠበቀ።
አራተኛው ላይ፣ ግማሽ ሆኖ፣ ተሰባብሮ ወጣላት፤
ምን ያህል ሳቀ!

የዚያን ቀን ሌላ ድምፅ አልወጣም፤ ተአምርም አልነበር።
ከፊደል እስከ ቃል፣ ከቃል እስከ ዐረፍተ ነገር
ስንት ክረምት እንዳለ ሶልቫይ አልደበቀችም፤
«መንገዱ ረጅም ነው» አለች፤ እንዳለ ተረጎምኩት፣
አንዳች ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር።

ማታ የሂሳብ ቅጼን ሞላሁ፦ አንድ ሰዓት፣ የመኪና ማቆሚያ፣
«ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ካለ» በሚለው ሳጥን ፊት ቆየሁ፤
ባዶውን ላኩት። ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።
ከዚያ በጨለማው ወጥ ቤት፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
በሰው ቃል ሲተዳደር የኖረ ጉሮሮዬ ላይ
መዳፌን አስደግፌ
«ቀ» አልኩ።

ገና አለ።