ይደር

አርባ ዓመት ተቀመጥኩ፣ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒው በር፣
የሰው ብሶት ስሰፍር፣ በገጽ ስቸረችር።
«አንጀቴ አረረ» ብዬ ስንት ወረቀት ሞላሁ፣
«ደሜ ፈላ» እያልኩኝ ስንት ሰው አጣላሁ፤
በፊት ገጹ ሁለት ብር፣ ዛሬ ሠላሳ ደርሷል፤
እሳት የሚለውን ግን ጆሮዬ መቼ ሰምቷል?
ማድ ቤት መቼ ገባሁና።

በጥቅምት ራህመት ወደቀች፣ ከጓሮ ደረጃ፤
የራጁ ፎቶ ነው፣ የጭኗ ማስረጃ፤
እሷ ደሴ ሆስፒታል፣ እግሯ በብረት ታስሮ፣
እኔ እዚህ፣ ከአንድ ድስት፣ ከአንድ ኩባያ ሽሮ።
ስልኩን ባንገቴና በትከሻዬ ይዤ፣
ቆምኩኝ ከምድጃው ፊት፣ እንደ ተከሳሽ ፈዝዤ።

«ሽንኩርቱን አቁላላው» ስትለኝ በስልኩ፣
«አቆላምጠው» መስሎኝ፣ ከት ብዬ ሣቅኩ።
«ምን ያስቅሃል? ያው ነው። እሳት አታብዛ፣ ዘይት አታስቀድም፣
ውኃ ጠብ ጠብ አርግ፤ ሽንኩርት ካላባበሉት ሰው አይለምድም።»
አባበልኩት። አላበው፣ ለሰለሰ፣ መልኩ ወደ ማር ሄደ፤
እኔም ዝም ብዬ ቆጠርኩ፦
ራህመትን «ራሁዬ» ያልኳት፣ በሠላሳ አንድ ዓመት፣
ሁለቴ ነው። አንዱ የሠርጋችን ሌት።
ሁለተኛው አምቡላንስ ውስጥ።

«ሽሮውን በትን፤ አማስል» አለች።
አማሳይ ስል እኔ የማውቀው ነገር አዟሪ ነበር፣
ስንቱን ከስሼበታለሁ፤ እዚህ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፦
እጅህ የቆመ ዕለት ይጓጉላል።

«አሁን ይንተክተክ።»
ጧ… አለ። ጧ… አለ። አንዷ ፈንድታ ክንዴን ላሰችኝ።
«በንዴት ተንተከተከ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬ፣
ንዴት ጩኸት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ አንዲት፣ ቆይታ ደግሞ አንዲት፤ ገባኝ ገና ዛሬ።

«ክደነው፤ ድፍን ግን አታርገው፣ ትንሽ ይተንፍስ።
ድፍን የተከደነ መገንፈሉ አይቀርም።»
ስንት ገበናዬን ከድና የኖረች ሴት ናት ይህን የምትለኝ።
ዝም አልኩ። ድፍን አድርጌም ከደንኩት።

ገነፈለ። ወለሉን አለበሰው።
ስንሸራተት ጎረቤቴ ጦይባ በበሩ ብቅ አለች፦
«ያረቢ! ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ፣ በዚህ ዕድሜው ወጥ ረገጠ!»
በየፍቺው ወረቀት ስንቱ ባል በዚህ ቃል፣
በኔ እስኪርቢቶ ተዋርዷል፤
እኔ ግን ተረከዜን አጠብኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሐርቡ አንዲት ሴት ቤቴ ድረስ መጣች፤
የወሰን ክስ ነው፣ ከወንድሟ ጋር፤ እየሣቀች አወራች።
የማሽላ አገር ሰው ናት፤ ማሽላም እያረረ ይስቃል።
«‹አንጀቷ አርሯል› በልልኝ» አለች፤ ብዕሬን አነሣሁ፣
የጣድኩትን ምስር እዚያው ረሳሁ።

ማረር ነበልባል የለውም።
ከላይ ምስሩ ያምራል፤ ቀልቷል፣ ይንተከተካል፤
ከሥር ነው፣ ከድስቱ ግርጌ፣ ማንም ሳያይ ይጠቁራል፤
አንድ ማንኪያ ከላዩ ብትቀምስ፣ ምሬቱ እዚያም ደርሷል።

ተመለስኩ። ወረቀቱን ቀደድኩት።
«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እመት?» አልኳት።
ይህን በአርባ ዓመት አንድ ሰው ጠይቄ አላውቅም።
ሣቋን አቆመች።

ማታ ድስቱን ስፈቀፍቅ ስልኩ ጮኸ።
«ምንድን ነው የሚንኳኳው? አረረብህ?»
«አረረብኝ።»
«አብሽር። አትፈቅፍቀው፣ ድስቴን ትጎዳዋለህ፤
ውኃ ሙላበትና ይደር።»

ይደር። ይህን ቃል በችሎት ስጠላው ኖሬአለሁ፤
«ይደር» በተባለ ቁጥር፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣
ሰው ወደ ሐርቡ፣ ወደ ደጋን፣ በእግሩ ሲመለስ አይቻለሁ።
ድስቱን እስከ አፉ ሞላሁት።
«እሺ ራሁዬ፣ ይደር» አልኳት።

ከደሴ በኩል ለጊዜው ምንም አልተሰማም።
ከዚያ፦ «ማንን ነው የምታቆላምጠው?
ሽንኩርቱን ነው?»