ጠጠር ለቃሚዋ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ድሬ ሙቀቷን ሳትለብስ፣
በመንደርደሪያው አስፋልት ላይ እሄዳለሁ ጎንበስ ጎንበስ።
ባትሪ በእጄ፣ ከወገቤ የቆርቆሮ ጣሳ አስሬ፣
ጠጠር እለቅማለሁ፣ እንደ ዶሮ ጥሬ።
የተፈታ ብሎን፣ የሻንጣ ጎማ፣ የሕፃን ጫማ ዘለበት፣
ሁሉም ጣሳዬ ገብቶ ኪው ይላል፣ እንደ ሙዳየ ምጽዋት።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ መዶሻ ይዞ የሚዞር፣
ሐዲዱን መትቶ፣ ጆሮ ጥሎ፣ ከስንጥቁ የሚነጋገር።
«ባቡር ቢታመም» ይለኝ ነበር «ይቆማል ከመንገድ ዳር፣
ሰው ወርዶ ሐብሐብ ይበላል፣ ሌላ እስኪመጣ ከኤረር።
ሰማይ ግን ልጄ ዳር የለው፣ ፌርማታ የለው፣ ጥላ የለው፣
ሞተር ትን ቢለው እዚያ ላይ፣ ወዴት ጥግ ይይዛል ሰው?»

ጉሮሮ ነው የጄት ሞተር፤ ያገኘውን ይስባል፣
አየር መስሎት የዋጠው ጠጠር ምላጮቹን ይነክሳል።
ቶፊቅ መካኒኩ አንድ ቀን ጣቴን ይዞ አስነካኝ፣
የምስር ክክ የምታህል ጉድፍ ከስለቱ ጠርዝ አሳየኝ።
«ከዚህች ነው» አለ «የሚጀምረው፤ ዝም ብላ ታድጋለች፣
ሰው ቀበቶውን አስሮ ሲተኛ፣ እሷ አትተኛም፣ ትሰፋለች።»

ማክሰኞ ቀትር ላይ
ሰባ አንድ ሰው ይዞ ተንደረደረ፤
ከመሬት ገና እግሩን እንዳነሣ
ቧ! አለ የግራው ሞተር፤ እሳት ተፋ።
እኔ ያየሁት ጣሳዬን ነው።
የትኛዋን አልፌ ይሆን?

ዞረ። በአንድ ሞተር፣ በጋራው ጥግ፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣
ጎማው ጮኸ፤ አረፈ።
አንዱ ወርዶ አስፋልቱን ሳመ፣ ጠዋት እኔ የለቀምኩትን፤
ኬሪያ የሐረሯ ጮኸች፦ «የታለ የማንጎ ፌስታሌ?»
አብራሪው ተጨበጨበለት። ይገባዋል።

ቶፊቅ ከሞተሩ ሆድ ላባ ይዞ ወጣ፣
«ጭልፊት ነው፤ ጠጠር አይደለም» አለኝ፣ እፎይ እንድል።
እፎይ አላልኩም።
ከአጥሩ ማዶ፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ፣
በየማታው አጥንትና አንጀት የሚደፋው
ወንድሜ ነው፣ ሉልሰገድ፣ ባለ ልኳንዳው።
መዝገቡ ላይ «ወፍ» ተብሎ ተጻፈ።
ወፍ አድራሻ የለውም።

ማታ ሄጄ ጣሳዬን ከሚዛኑ ላይ አኖርኩ፦
አንድ ብሎን፣ ሁለት ጠጠር፣ ያቺ ላባ።
«ስንት ይመዝናል?»
ሳቀ። «መቶ ግራም አይሞላም።»
«ሰባ አንድ ሰው ነው» አልኩት።
ቢላውን ሲስል ነበር፤ መሳሉን አቆመ።

ዛሬም አሥራ አንድ ተኩል ወጣሁ።
ሲነጋ ከአጥሩ ማዶ ጭልፊት ቆጠርኩ፤ ስምንት።
ትናንት አሥራ ሁለት ነበሩ።