ለላኪው ይመለስ

በሱ ፎልስ ከተማ፣ ያረጋውያን ቤት፣
ውጭው ነጭ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጭው ያለ ሌሊት፤
ክፍል አሥራ ሰባት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ትሬቨር መጣና መዝገብ አስጨበጠኝ።
«ካልጋዋ ወድቃ ነው፤ ፈርሚልኝ ቶሎ»
አለኝ፣ ቀኝ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ።

ፖስተኛ ነበረች ኦርላ ድሮ ድሮ፣
የዳኮታ መንገድ ባመዳይ ተቀብሮ፤
የሰው ቃል አድርሳ በየሰዉ ደጃፍ፣
የራሷ ግን ቀረ፣ ስትሮክ ዘግቶባት አፍ።

መብራቱን አበራሁ። ነቅታለች።
አራት ሰንበር ጉንጯ፣ አውራ ጣት አንገቷ፣
ቀለበት ታትሟል እንደ ቴምብር ከፊቷ።
ወለል ጣት የለውም።
ወለል ቀለበት አያስርም።

ትናንት መኪናዬን በብርድ ያስነሣ፣
የልጄን ልደት ቀን አንዴም ያልረሳ፣
ሰው ነው እያልኩ ቆምኩ ብዕሩን ጨብጬ፣
ድርብ ፈረቃ ነው፣ ደክሞታል እያልኩኝ፣ ምራቄን ውጬ።

ኦርላ በደህና እጇ መዝገቡን ሳበች፣
«ወድቃ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች፤
አድራሻ እንደሳተ ደብዳቤ፣ በዝግታ
ገፋችው መልሳ፣ ለላኪው፣ በዝምታ።

ንጋት ላይ ፖሊሱ የነገርኩትን ጻፈ፣
ትሬቨር በካቴና በፊቴ አለፈ።
አለቃዬ ደውላ «ረጋ በዪ» አለች፣
ስለ ቤቱ ዝና ረጅም አወራች፣
ኦርላ ተርፋ እንደሆን ሳትጠይቅ ዘጋች።

መዝገቡ ላይ ስሜ የለም። አልፈረምኩም።
ግን ብዕር ይዤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሜያለሁ፤
በግድግዳው ሰዓት ቆጥሬዋለሁ።
ይህን የጠየቀኝ የለም።